ሰርዲኒያ ላይ ባህላዊ ማዕድ እንዴት ይበላል? ከስልክ ጥሪው እስከ ሂሳቡ

“ሰርዲኒያ ልንሄድ ነው። የአገሩን ምግብ የት እንብላ? እንዴት ነው የሚታዘዘው? አሳማ የሌለበት ነገርስ ይገኛል?”

ሰኔ በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ሮምና ሚላን ያሉ ዘመዶች ይጠይቁኛል። ከጀርመንና ከስዊድን ለእረፍት የሚመጡ ጓደኞችም ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ስመልስ ከረምኩ። አሁን አንዴ በደንብ ልጻፈውና ለሁሉም ይሁን።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ አግሪቱሪዝሞ ነው። አግሪቱሪዝሞ ማለት እርሻና ከብት ያለው ቤተሰብ በራሱ ግቢ የሚከፍተው ምግብ ቤት ነው። አይቡ፣ ሥጋው፣ አትክልቱ፣ ወይኑ በአብዛኛው ከራሳቸው ወይም ከጎረቤት ነው። የሰርዲኒያን ባህላዊ ማዕድ ከአንቲፓስቶ (ከመክፈቻው ምግብ) እስከ መጨረሻዋ መለኪያ በሥርዓቱ ለመቅመስ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከተማ ውስጥ ትራቶሪያ (ቀለል ያለ ምግብ ቤት) ወይም ዓሣ ቤት የምትገቡ ከሆነ ለእናንተ የሚለየውን መጨረሻው አካባቢ ጽፌዋለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የጣልያን ቁጥር የሚደውል ስልክ። ብዙዎቹ ቤቶች ለኢሜይል ቶሎ አይመልሱም።
- መኪና፣ እና በዚያ ምሽት የማይጠጣ አንድ ሹፌር።
- ለአንድ ሰው ከ35 እስከ 50 ዩሮ ያህል። ከቤት ቤት ስለሚለያይ ስትደውሉ ጠይቁ።
- ጥሬ ገንዘብ። ካርድ ቢኖራችሁም ያዙ።
- የማትበሉትን ዝርዝር በጣልያንኛ የጻፋችሁበት ወረቀት ወይም የስልክ ማስታወሻ።
- ሦስት ሰዓት ጊዜ። ከዚያ ባነሰ አይሆንም።
- ባዶ ሆድ። ለማታ ማዕድ ከሆነ ምሳችሁን ቀለል አድርጉት።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ምግቡን ምረጡ፣ ከዚያ አካባቢውን

ሰርዲኒያ ትልቅ ደሴት ናት። ከካልያሪ እስከ ኦልቢያ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ምግቡም ከአውራጃ አውራጃ ይለያያል። ስለዚህ ያረፋችሁበት አካባቢ የማይሠራውን ነገር ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ።

ሥጋና የእረኞች ምግብ ከፈለጋችሁ ወደ መሐል ተራራው ውጡ። ባርባጃ ይባላል፤ ኑኦሮ፣ ኦሊዬና፣ ኦርጎዞሎ፣ ማሞያዳ ያሉበት ነው። ኩሉርጆኔስ የሚባለውን በድንችና በአይብ የተሞላ ፓስታ ከፈለጋችሁ በምሥራቅ በኩል ወዳለው ኦልያስትራ ሂዱ። ቦታርጋ፣ ማለትም በጨው ተይዞ የደረቀ የዓሣ ዕንቁላል፣ በኦሪስታኖ አጠገብ ባለችው ካብራስ ነው የሚጥመው። ሰሜን ጋሉራ ላይ ደግሞ በበግ መረቅ የራሰ ዳቦና አይብ ተደራርቦ በምድጃ የሚበስል ምግብ አለ፤ ሱፓ ኩዋታ ይሉታል። አልጌሮ የባሕር ምግብ ከተማ ናት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የእኔ ምክር ባርባጃ ነው። ባሕር ዳር ያረፈ ሰውም ቢሆን አንድ ቀን ሠውቶ ቢወጣ አይቆጭም።

ደረጃ 2፦ ቀድማችሁ ደውሉ

በራችንን አንኳኩተን እንገባለን ማለት እዚህ አይሠራም። የሚያበስሉት በተያዘው ሰው ቁጥር ልክ ነው። ሙሉ የአሳማ ግልገል ወይም ጠቦት በእንጨት ፍም ላይ ቀስ ብሎ ሲጠበስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እናንተ ስትደርሱ አይጀመርም።

በአዘቦት ቀን ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት መደወል ይበቃል። ለቅዳሜና እሑድ ሳምንት ቀድሙ። የኦገስት 15 በዓል፣ ፋሲካቸውና የፋሲካ ማግሥት ሰኞ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብላችሁ ያዙ። በክረምታቸው ወራት ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚከፍቱ ቤቶችም አሉ።

ስልኩ ላይ እንዲህ በሉ፦

“ቮሬይ ፕሬኖታሬ ኡን ታቮሎ ፔር ኳትሮ።” ለአራት ሰው ቦታ መያዝ እፈልጋለሁ ማለት ነው።

“ኳንቶ ኮስታ ኢል ሜኑ? ቪኖ ኤ አኩዋ ሶኖ ኮምፕሬዚ?” ዋጋው ስንት ነው፣ ወይኑና ውሃውስ ውስጡ ነው ወይ?

ልጆች ካሏችሁ “ሜኑ ባምቢኒ” ካለ ጠይቁ። ዋጋው ይቀንሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰዓት አቆጣጠሩን እንዳታምታቱ። ይህ ስህተት ከእኛ ሰው በስተቀር ማንም አይሠራውም፤ እኛ ግን ደጋግመን እንሠራዋለን። “አሌ ኦቶ” ካሏችሁ በእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። ምሳ በእኛ 7 ሰዓት ገደማ ይጀመራል። እራት ከማታ 2 ሰዓት በፊት ብዙም የለም። በእኛ ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ባለው ወጥ ቤቱ ዝግ ነው። ለእናታችሁ ወይም ለአጎታችሁ ሰዓቱን ስትነግሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምራችሁ ንገሩ።

ደረጃ 3፦ የማትበሉትን በዚያው ስልክ ተናገሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

አግሪቱሪዝሞ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምግብ ዝርዝር አይሰጥም። ያዘጋጁትን ተራ በተራ ያመጣሉ። ተቀምጣችሁ “ይሄን አንበላም” ስትሉ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የተሠራ ሌላ ነገር የለም። ቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ግን በደስታ ያስተካክላሉ። እንግዳቸው ሳይበላ ሲነሳ ከልባቸው ነው የሚከፋቸው።

አንድ ጊዜ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ዋናው ምግቡ ሥጋ ወደሆነ አግሪቱሪዝሞ ወሰድኳት። ቀኑ አርብ ነበር። ጾም መሆኑን ሳልናገር ነው ቦታውን የያዝኩት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ደረቅ ቂጣ፣ ጥሬ አትክልትና ወይራ ፍሬ ስትበላ አየኋት። የቤቱ እመቤት ሦስት ጊዜ መጥታ “ምግቡ አልጣማትም ወይ?” ብላ ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው ጉዟችን ከሁለት ቀን በፊት ደወልኩ። ማሎሬዱስ የሚባለውን ትንንሽ ፓስታ በቲማቲም፣ ሽምብራ በእንስላል፣ የተጠበሰ ደበርጃን ሠርተው ጠበቁን። እናቴ የሽምብራውን አሠራር ጠይቃ ጻፈች።

አሁን ወደ ዝርዝሩ።

*አሳማ ለማትበሉ፦* “ኖን ማንጃሞ ማያሌ” በሉ። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱም አሳማው ሥጋ ሆኖ ብቻ አይመጣም። ስትሩቶ የሚባል የአሳማ ስብ አለ። ሴያዳስ የሚባለው በአይብ የተሞላ ጣፋጭ ሊጥ ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ የኩሉርጆኔስ ሊጥ ውስጥም ይገባል። የባቄላና የአትክልት ሾርባም ብዙ ጊዜ በላርዶ ይጀመራል፤ እሱም የአሳማ ጮማ ነው። ስለዚህ “ኔ ማያሌ፣ ኔ ስትሩቶ፣ ኔ ላርዶ” ብላችሁ ሦስቱንም ጥሩ። ሳልሲቻ የሚል ነገር ካያችሁ የአሳማ ቋሊማ ነው ብላችሁ ያዙት። ማሎሬዱስ “አላ ካምፒዳኔዜ” ሲባል ሱጎው የሚሠራው በዚሁ ቋሊማ ነው። በምትኩ አኜሎ (ጠቦት)፣ ፔኮራ (በግ) ወይም ካፕሬቶ (የፍየል ግልገል) ጠይቁ። ከበግ የሚሠራ ፕሮሹቶም (በጨው የደረቀ ሥጋ) አለ፤ “ፕሮሹቶ ዲ ፔኮራ” ይባላል። ፍሙና መጥበሻው አንድ ሊሆን ስለሚችል፣ ያ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ይህንንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

*የፈረስና የአህያ ሥጋ፦* ሰርዲኒያ ላይ ሁለቱም በግልጽ ይበላሉ። ከተማ ውስጥ ባሉ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይም ታገኟቸዋላችሁ። “ካቫሎ” ፈረስ ነው። “አዚኖ” ወይም “አዚኔሎ” አህያ ነው። ስቴኩ አምሮባችሁ ከማዘዛችሁ በፊት እነዚህን ቃላት ፈልጉ።

*ጾም ላይ ላላችሁ፦* “ቪጋኖ” የሚለውን ቃል አሁን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ግን ዘርዝሬ መናገርን እመርጣለሁ፦ “ኔ ካርኔ፣ ኔ ላቴ፣ ኔ ፎርማጆ፣ ኔ ኡዎቫ፣ ኔ ቡሮ።” ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ የለም ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር የቤቱ ዋና ቂጣ የሆነው ፓኔ ካራዛው ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከእርሾና ከጨው ብቻ ነው የሚሠራው። ማሎሬዱስም በመሠረቱ ሰሞሊና የሚባል የስንዴ ዱቄትና ውሃ ነው። በቲማቲም ሱጎ “ሴንጻ ፎርማጆ” ብላችሁ እዘዙ። አይቡን ከላይ መበተን ልማዳቸው ስለሆነ “ሴንጻ ፎርማጆ” የሚለውን ሁለት ጊዜ በሉት። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ በሚውልበት ዓመት እኛ ገና ሁዳዴ ላይ እንሆናለንና ለዚያ ሰሞን የምትመጡ ቀኑን ቀድማችሁ እዩ።

*ሙስሊም ለሆናችሁ፦* ገጠር ውስጥ ሥጋው ሐላል ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ወይን ደግሞ ሱጎና ጥብስ ውስጥ ይጨመራል፤ “ሴንጻ ቪኖ” በሉ። ከሁሉም የሚቀለው ካብራስ ወይም አልጌሮ ሄዶ ዓሣ መብላት ነው።

ደረጃ 4፦ መንገዱን ጠይቁ

የስልካችሁን ካርታ ብቻ አትመኑ። በገጠሩ ካርታው አጭር ብሎ የሚመርጠው መንገድ ለትራክተርና ለፍየል የተሠራ ሊሆን ይችላል። በ2019 ኦልያስትራ ውስጥ ያለችው የባውኔይ ማዘጋጃ ቤት ጎብኚዎች በካርታው ተመርተው ኮረብታ ላይ እየቀሩ ስላስቸገሩት፣ የጉግል ካርታን አትከተሉ የሚል ምልክት እስከ መትከል ደርሷል። ቦታ ስትይዙ ከየትኛው አስፋልት እንደምትታጠፉ ጠይቁና ጻፉት። ብርሃን ሳለ ድረሱ። በምሽት አውቶቡስ እመለሳለሁ ብላችሁም አትውጡ።

ደረጃ 5፦ ቂጣውን በእጅ ስበሩ፣ አንቲፓስቶውን ግን ግማሹን ተዉት

እንደተቀመጣችሁ ፓኔ ካራዛው ይመጣል። እንደ ወረቀት ስስ፣ ክብና ደረቅ ነው። ጣልያኖች “የሙዚቃ ወረቀት” የሚሉት ሲሰበር በሚያሰማው ድምፅ ነው ይባላል። በቢላዋ አትቁረጡት፤ በእጅ ስበሩት።

አንዱን ቁራጭ አንስታችሁ ሁለቱንም ፊቱን ዳብሱት። አንዱ ልስልስ ነው፣ አንዱ ሻካራ። ሊጡ ምድጃ ውስጥ እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ከዚያ በቢላዋ ለሁለት ይከፈላል፣ ተመልሶም ይጋገራል። ሻካራው ፊት የፊኛው ውስጥ የነበረው ነው። አይብ ወይም ዘይት ስታደርጉበት በሻካራው በኩል አድርጉ። እዚያ ይይዛል፣ በልስልሱ በኩል ግን ይንሸራተታል። የወይራ ዘይትና ጨው ነክቶት የሞቀው ጉቲያው ይባላል።

ከቂጣው ጋር አይብ፣ ሪኮታ በማር፣ የወይራ ፍሬ፣ ዘይት ውስጥ የተቀመጠ አትክልት፣ የደረቀ ሥጋ ይደረደራል። አንዳንድ ቤት ኮርዱላም ያመጣሉ። ይኼ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የጠቦት አንጀት ነው። ዱለት የሚወድ ሰው ይወደዋል።

አይቡን ከለስላሳው ወደ ጠንካራው ብሉ። ትኩሱ ፔኮሪኖ (የበግ አይብ) መጀመሪያ፣ የቆየው ቀጥሎ፣ ጭስ የነካው ፊዮሬ ሳርዶ መጨረሻ። በኃይለኛው ከጀመራችሁ የለስላሳው ጣዕም አይሰማችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንቲፓስቶው ብቻውን እራት ይመስላል። ገና ሁለት ዓይነት ፓስታ፣ ሥጋ፣ ፍራፍሬና ጣፋጭ ይቀራል። አምስት ስድስት ሳህን ሲደረደር የሚያዩ ዘመዶቼ “ይኼው ነው መሰለኝ” ብለው ጠግበው ያርፉና፣ ዋናው ሥጋ ሲመጣ እጃቸውን ያጥፋሉ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ጉርሻ ቅመሱና እረፉ።

ደረጃ 6፦ ፓስታውን እንደ አመጣጡ ብሉት

ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ይመጣል። ማሎሬዱስ ትንንሽ፣ ሸንተረር ያለው የሰሞሊና ፓስታ ነው። ሸንተረሩ ሱጎውን ይይዛል። በሹካ ብቻ ይበላል።

ኩሉርጆኔስ ሲመጣላችሁ ከመብላታችሁ በፊት ስፌቱን እዩ። ጫፉ የተዘጋው በጣት እየተቆነጠጠ፣ ልክ እንደ ስንዴ ዛላ ሆኖ ነው። ውስጡ ድንች፣ ፔኮሪኖና ናና አለ። የናናው ሽታ ከአፍ በፊት ለአፍንጫ ይደርሳል። አንዱን ከመሐል ቁረጡና ከሱጎው ጋር ብሉ። ስፌቱን ነቅላችሁ አትተዉ፤ ወፍራም ቢሆንም አብሮ የሚበላ ነው።

ፓኔ ፍራታው ከቀረበላችሁ ግን ወሬ አቁሙ። ካራዛው በትኩስ የበግ መረቅ ለአፍታ ይነከርና ከቲማቲም ሱጎና ከፔኮሪኖ ጋር ይደራረባል። ከላዩ ውሃ ውስጥ የበሰለ ዕንቁላል ይቀመጥበታል። ዕንቁላሉን በሹካ ስበሩና አስኳሉን በሙሉ አዳርሱት። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ያለውን ድርብርብ በአንድ ጉርሻ አንሱ። ፍትፍት የሚያውቅ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ይገባዋል። ቶሎ ብሉት፤ ከቆየ ቂጣው መረቁን ጠጥቶ ይላቁጣል።

ደረጃ 7፦ ሥጋውን በእጅ ብሉ፣ ቅጠሉንም አሽትቱ

ሥጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቡሽ ዛፍ ልጣጭ በተሠራ ትሪ ላይ ነው። ከሥሩም ከላዩም አረንጓዴ ቅጠል አለበት። አንዷን ቅጠል አንሱና በሁለት ጣት ፈትጓት። ወደ አፍንጫችሁ አስጠጓት።

አደስ ነው። እናቶቻችን የፀጉር ቅቤያቸውን የሚያሸቱበት፣ ያው ራሱ አደስ። ሰርዲኒያ ላይ ዱሩን ሞልቶት ይበቅላል፤ ሚርቶ ይሉታል። ሥጋው ከፍሙ ሲወርድ ትኩስ እንዳለ በቅጠሉ መሐል ይቀመጣል። ሙቀቱ የቅጠሉን ዘይት ያወጣዋል፣ ሥጋው ይጠጣዋል። ቅጠሉ ራሱ አይበላም። እኔ ይህን ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸተኝ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ረስቼ የአያቴ ቤት ነው ትዝ ያለኝ።

አሳማ ለሚበሉ ዋናው ጥብስ ፖርቼዱ ነው፤ ገና ወተት የሚጠባ የአሳማ ግልገል። ቆዳው እንደ ብስኩት መሰንጠቅ አለበት። ለማትበሉት፣ ቀድማችሁ ያዘዛችሁት ጠቦት በዚያው ቅጠል ላይ ይመጣል። ፔኮራ ኢን ካፖቶ ካላቸው ደግሞ እሱን አትለፉት። በግ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር ቀስ ብሎ የተቀቀለ ነው፤ መረቁንም ጠጡት።

ሥጋውን በእጅ መብላት ነውር አይደለም። እነሱም በእጃቸው ነው የሚበሉት። ከአጥንቱ ላይ በቢላዋ መታገል ነው እንግዳ የሚያስመስላችሁ።

ከሥጋው ጋር ወይም ተከትሎ ጥሬ ፊኖኪዮ (ያበጠው ግርጌው የሚበላ የእንስላል ዓይነት)፣ ሴለሪና ቀይ ፍጅል በሳህን ይመጣል። ጌጥ መስሏችሁ አትለፉት። የሥጋውን ስብ ከአፍ ያጥባል፣ ለጣፋጩም ቦታ ያዘጋጃል።

ደረጃ 8፦ ሴያዳስን ሳይቀዘቅዝ ጨርሱት

ሴያዳስ ትልቅ ክብ ሳምቡሳ ቢባል ያስኬዳል። ሊጡ ውስጥ ትኩስ የበግ አይብና የሎሚ ልጣጭ አለ። በዘይት ይጠበስና ማር ይፈስበታል። ትኩስ እያለ ከመሐል ቁረጡትና ሹካውን ወደ ላይ አንሱ፤ አይቡ እንደ ክር እየተሳበ ይከተላችኋል። ፎቶ ማንሳት ካለባችሁ አንድ ፎቶ ይበቃል። አይቡ ከቀዘቀዘ ይጠነክርና ጎማ ይሆናል።

ማሩን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ “ሚዬሌ ዲ ኮርቤጾሎ” ጠይቁ። መራራ ማር ነው። ከጨው አልባው አይብ ጋር ሲገናኝ ምሬቱ ይመጣጠናል። ብቻውን በማንኪያ አትቅመሱት፤ ትጠሉታላችሁ። ስለ ስትሩቶው ደረጃ 3 ላይ ያልኩትን አስታውሱ።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻዋ መለኪያ

ከቡና በኋላ ሁለት ዓይነት ጠርሙስ ይመጣል። ሚርቶ ከአደስ ፍሬ የሚሠራ፣ ጥቁር ቀይ፣ ጣፋጭ መጠጥ ነው። እጅግ ቀዝቅዞ በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል። ጣፋጭነቱ ያታልላል፤ 30 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ፊሉ ኤ ፌሩ ደግሞ እንደኛ አረቄ ነው። ብርጭቆ ሲያነሱ “ኣ ኬንታኖስ” ይላሉ፣ ለመቶ ዓመት ያድርሰን ማለት ነው። መልሳችሁ ያንኑ በሉ። ካልጠጣችሁ በውሃም ብርጭቆ ማንሳት ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም።

ማስጠንቀቂያ፦ የጣልያን ሕግ ለሹፌር የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሰው ዜሮ ነው። ከማዕዱ ጋር የመጣው ወይን ብቻውን ከዚህ ያሳልፋችኋል። የባርባጃ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ሌሊት ከብት ይሻገረዋል። ሹፌሩ አይጠጣ። ብዙ አግሪቱሪዝሞ መኝታ አላቸውና እዚያው ማደርም አንድ መፍትሔ ነው።

ደረጃ 10፦ ሂሳብ

“ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ” በሉ። ካልጠራችሁት አያመጡትም። ሂሳብ ሳይጠየቁ ማምጣት እዚያ ተነሱልን እንደማለት ነው።

አግሪቱሪዝሞ ውስጥ በስልክ የተነገራችሁ ዋጋ ሲባዛ በሰው ቁጥር ነው። ከተማ ውስጥ ኮፔርቶ የሚባል ይጨመራል፤ ለቂጣውና ለጠረጴዛው ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ዩሮ ነው። ማጭበርበር አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ ግን መጻፍ አለበት። ቲፕ ግዴታ አይደለም። ካርድ መቀበል በሕግ ግዴታቸው ቢሆንም ተራራ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ማሽኑ አይሠራም። ጥሬ ገንዘብ ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ከተማ ውስጥ ዓሣ ቤት ከገባችሁ

አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፦ ኤቶ።

ዝርዝሩ ላይ ከዓሣው ስም ጎን “7 ዩሮ” ተጽፎ ከሥሩ በትንሹ “አሌቶ” ካለ፣ ዋጋው የ100 ግራም ነው። አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሦስት ሆነን ገብተን ይህን ሳላይ አለፍኩ። አስተናጋጁ ትልቅ ዓሣ በትሪ አሳየን፣ እኛም ያማረ ነው ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። ዓሣው 1 ኪሎ ከ200 ግራም ነበር። በኤቶ 7 ዩሮ ሲሆን 84 ዩሮ መጣ። አስተናጋጁ አላጭበረበረንም፤ አልጠየቅነውም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ዓሣው ወደ ወጥ ቤት ከመመለሱ በፊት “ኳንቶ ፔዛ? ኳንቶ ቪዬኔ ኢን ቱቶ?” እላለሁ። ስንት ይመዝናል፣ ጠቅላላው ስንት ይሆናል? እናንተም ሳታፍሩ ጠይቁ። ራሳቸው ጣልያኖቹም ይጠይቃሉ።

ከዓሣው ስም ጎን ኮከብ ካያችሁ በረዶ ቤት የቆየ ነው። ቦታርጋ ስታዙ ተፍቆ በስፓጌቲ ላይ የሚመጣውን ምረጡ። ጨው የበዛበት ስለሆነ ተጨማሪ ጨውም አይብም አታድርጉበት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- *ካፑቺኖ ከእራት በኋላ ማዘዝ።* ያመጡላችኋል፣ ግን ከዚያ ሁሉ ምግብ ላይ ወተት ሆድ ያስጨንቃል። ኤስፕሬሶ ይበቃል።
- *አንድ ሰው ጾመኛ ሆኖ ሳለ ለሁሉም አንድ ዓይነት ማዘዝ።* የእያንዳንዱን በቁጥር ንገሩ፦ ሦስት ሥጋ የሚበሉ፣ አንድ የማይበላ።
- *ሰዓት ማሳለፍ።* ግማሽ ሰዓት ከዘገያችሁ ደውሉ። ሥጋው በእናንተ ሰዓት ነው ከፍሙ የሚወርደው።
- *ለወሬ ብሎ ካዙ ማርዙ መጠየቅ።* ሕያው ትል ያለበት የበግ አይብ ነው። መሸጡ በሕግ የተከለከለ ነው። ምግብ ቤቱን ችግር ውስጥ አትክተቱት። ሰው በግል ቢያቀርብላችሁና ካልፈለጋችሁ “ኖ፣ ግራጺዬ” በቂ ነው።
- *ቂጣውን እንደ እንጀራ መጠቅለል።* ይሰባበራል። ለመጠቅለል ከፈለጋችሁ ውሃ አርከፍክፋችሁበት ትንሽ ጠብቁት፤ ይለሰልሳል።
- *የተረፈውን አፍሮ መተው።* “ፖሶ ፖርታርሎ ቪያ?” በሉ። ይዘን መሄድ እንችላለን ወይ ማለት ነው። በወረቀት ይጠቀልሉላችኋል።

ካራዛው ለቤት መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከምግብ ቤቱ ወይም ከመንደሩ ዳቦ ቤት ግዙ። ደረቅ ስለሆነ በደንብ ከተጠቀለለ ሳምንታት ይቆያል። ሻንጣ ውስጥ ግን አጋድማችሁ አስቀምጡትና ከታችና ከላይ ልብስ አድርጉበት፣ ጫማ ከላዩ አታድርጉ። ከተሰበረም አይጣል፤ ስብርባሪው በመረቅ ለፍራታው ይሆናል።